አዋሽ የወሰደው የዛጎል ዶቃ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው የተደረገለትን ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ግን አንዲት ጎረቤታችን መቆጣት ሲገባቸው ሳይቆጡን በመቅረታቸው ነው። በእሳቸው ቦታ እኔ ብሆን ኖሮ ጩኸቴ ከናዝሬት አልፎ ሞጆ ይሰማ ነበር። ጠባዬን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጎረቤታችን የዝዋይ አካባቢ ሰው፣ የአርሲ ኦሮሞ ነበሩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አዮ» ነበር የሚላቸው፤ በአገራቸው እናት ማለት ነው። የእኛንና የእሳቸውን ግቢ የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን መሀሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሰርጓ ለግንቦት ተቆርጧል።

እኔ ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ተወዛዋዥም ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነውና በዓል በመጣ ቁጥር የየብሔረሰቡን ጭፈራ እናሳያለን። የአርሲውን የምመራው እኔ ነኝ። ቀበሌው የሰጠን የፕላስቲክ ዶቃ አንገት ሲነቀነቅ ድምፅ የለውም። የአዮ የዛጎል ዶቃ ግን ሻሻ፣ ሻሻ ይላል። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ዛጎል ለቅመው፣ ሰባብረው፣ በስተውና ሞርደው የሠሩት እናታቸው ናቸው። ፍሬው ከምስር እምብዛም አይበልጥም፤ ነጭ የነበረውም በዘመን ብዛት ቅቤ መስሏል። አዮ ሲዳሩ አንገታቸው ላይ ታስሮላቸዋል፤ በግንቦት ደግሞ ለልጃቸው ሊታሰር ነው። ለምኜ፣ ለምኜ ወሰድኩት።

«ለሁለት ቀን ነው» አሉኝ። «ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንደ ዓይንሽ ያዢው።»

እንደ ዓይኔ ያዝኩት። የጠፋውም ከመጠን በላይ ስለጠበቅኩት ነው።

እናቴ የሰሜን ሸዋ ሴት ናት፤ ኪነት ውስጥ መጨፈሬን አትወድም። «የቄስ የልጅ ልጅ ሆነሽ!» ትላለች። ስለዚህ ከጭፈራው ማግስት ዶቃውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከፍራሼ ስር ሸሸግኩት። አይ ጅልነቴ! ለእናቴ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሸሸግ ዶቃ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨሌ። የአቴቴ ዶቃ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ የሚፈራና የሚገበርለት። የገዛ እናቷን ጨሌ በንስሐ አባቷ ትእዛዝ ወንዝ የጣለችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ግን «ተከትሎኝ ይመጣ ይሆን?» የሚለው ስጋት ለቋት አያውቅም። በዚያ ላይ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ አራት ወር አልፏል። ፍራሹን ልታናፍስ አንስታ ጥቅልሉን ስታገኝ ምን እንደመሰላት መገመት አያቅትም። በስመ አብ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የወንጂ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከድልድዩ ላይ ሆና አዋሽ ውስጥ ወረወረችው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ተገላገልን፣ ልጄ። ማን እንደሰጠሽ አልጠይቅሽም። ወንዝ ጥዬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ከፍራሽሽ ስር ያለውን ጨሌ።»

«እማዬ! የአዮ ነው! የልጃቸው የሰርግ ዶቃ ነው! የሐይቅ ዛጎል ነው!»

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «የመንፈስ አይደለም?» አለች ቀስ ብላ። ያን ቀን የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ የምታሽበትን ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ከጓሮ አነሳች። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ያ ድንጋይ ግን ለእሷ አንገት የሚሆን አልነበረም። ትንሽ ድንጋይ ይበቃል አልኳት።

«የምሸከመው የበደሌን ያህል ነው» አለችኝ።

ድንጋይ ይዞ በአጥሩ ቀዳዳ ማለፍ ስለማይቻል በመንገዱ ዞረች። የውሃ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አያት። እኔ ከኋላዋ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ።

አዮ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ አጎንብሳ፣ «የልጅዎን ዶቃ ጨሌ መስሎኝ አዋሽ ጣልኩት። ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ» አለች። ሙሽራዋ ከቤት ብቅ ብላ ሰማች፣ አፏን ይዛ ተመልሳ ገባች። ልቅሶዋ ይሰማናል። እናቴ ድንጋዩን እንደተሸከመች ጠበቀች።

«የእናቴ የእጅ ሥራ ነበረ» አሉ አዮ በመጨረሻ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ተነስተው በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሱት። መሬት ያስቀምጡታል ስል መዳፋቸውን አሳለፉበት፣ አገላብጠው ወደ ፀሐይ አደረጉት።

«ይሄን ከየት አመጣሽ?»

«ልብስ የማሽበት ነው» አለች እናቴ፣ ገና እንዳጎነበሰች።

«እናቴ ዛጎሉን ያሸችበት እንዲህ ያለ ነው። አሁን ጠፍቷል፣ አይገኝም።» ድንጋዩን አቅፈው ተቀመጡ። «ዛጎል ከውሃ መጣ፣ ውሃ ወሰደ። ዝዋይ ሌላ ሞልቷል። ሰርግ ገና ሁለት ወር ነው። እጅ አላችሁ አይደል?»

እጅስ ነበረን። በሳምንቱ ሦስታችን ዝዋይ ወርደን ከሐይቁ ዳር አንድ ጆንያ ዛጎል ለቀምን፤ አዮ ለዘመዶቻቸው የእናቴን ጉድ አንድም ቀን አልነገሩም። ከዚያ ስብሪያው መጣ፤ ከዚያ እያንዳንዷን ስባሪ በአሸዋና በውሃ እያራሱ በወስፌ መብሳት። እኔ የምወደው ቶሎ ማለቅን ነው። ከአናጢ ሞረድ ተውሼ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ሞርጄ ለማስደነቅ ይዤ ሄድኩ። ሲሰኩ የህፃንና የሽማግሌ ጥርስ የተቀላቀለ መሰሉ። አዮ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«መጀመሪያ ይሰካል፣ ከዚያ ይሞረዳል! ብቻውን የሞረድሽው ልኩን ከማን ያውቃል?»

እውነትም ሥራው እንደዚያ ነው። ሸካራውን ፍሬ በጅማት ላይ አጥብቆ ሰክቶ፣ ጫፍና ጫፉን ወጥሮ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ማንከባለል። ሲውል ሲያድር ሁሉም እኩል ይሆናል። አንዱን ጫፍ አዮ፣ አንዱን እናቴ ይዘው ከሰዓት በኋላ ሁሉ ያሹ ነበር። መጀመሪያ ላይ እናቴ ዶቃውን በነካች ቁጥር ታማትባለች። በኋላ በኋላ ማማተቡን ትታ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት አበዛች። ሙሽራዋም ኩርፊያዋን ትታ ድንጋዩ ላይ ውሃ ታፈስስልን ጀመር።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ የወንድሜ ደብዳቤ ደረሰ። እኔ ሳነብ እናቴ እጇ በዛጎል ዱቄት ነጭ እንደሆነ ደረቷን ይዛ አለቀሰች። ደህና ነው። ቆስሎ ድኗል፤ ለበዓልም ይፈቀድልኝ ይሆናል ይላል። አዮ ጥቂት ጠብቀው፣ «እንግዲህ ንገሪኝ፤ ደብዳቤው አዋሽ ስለጣልሽ መጣ፣ ወይስ ስለሞረድሽ?» አሏት።

«እግዜር ነው ያመጣው!» አለች እናቴ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ አዮ ቀጥለው፣ «ያኛውን ዶቃ አሁን አንዷ የአፋር ሙሽራ አጊጣበት ይሆናል» አሉ። እናቴን በዚህ ሲያሾፉባት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

አዲሱ ዶቃ እንደ አሮጌው አልሆነም። ነጭ ነው፣ ፍሬውም ወፈር ይላል። ይህን ሁላችንም አውቀነዋል።

በሰርጉ ዕለት ሙሽራዋ መሀል ተቀመጠች። በእነሱ ወግ ዶቃውን የምታስረው እናት ናት። አዮ ዶቃውን አንስተው ሁላችንም እያየን ወደ እናቴ ዘረጉት።

«እንዴ፣ እኔ?» አለች እናቴ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «እኔ እኮ የጣልኩት ነኝ!»

«አዎ» አሉ አዮ። «የጣለው እጅ ይሰር።»

ያን ቃል በሰማሁ ጊዜ የተሰማኝን ምስጋና ለአዮ በሕይወት ሳሉ በወጉ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ቢቆጡ ኖሮ እናቴ ያ የአጥር ቀዳዳ ተዘግቶባት ዕድሜዋን በሙሉ በመንገዱ ስትዞር ትኖር ነበር።

እናቴ አንዴ አማተበች። ዶቃውን በሙሽራዋ አንገት አዙራ አሰረችው። ደግማ አሰረችው። ሦስተኛም ልታስር ስትል ሙሽራዋ፣ «እማማ፣ ታነቅኩ እኮ!» አለቻት።

«ቻዪው፣ ልጄ» አለች እናቴ፣ ቋጠሮውን እየጎተተች። «አዋሽ ቢገባ እንኳ እንዳይፈታ።»