ጀርባ የሌላት ሰዓት

አቶ ብርሃነ በየማለዳው ከአልጋቸው እንደወረዱ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ አሥራ ዘጠኝ የእጅ ሰዓት ይሞላሉ። ከመሳቢያው አንድ በአንድ እያወጡ መሙያውን ያሽከረክራሉ፤ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፤ በፒጃማቸው እጅጌ ጠረግ አድርገው ይመልሳሉ። አንዱንም ግን ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አያስተካክሉም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ሲፈልጉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አስቻለችን ይጠይቃሉ። እሳቸው ደግሞ ከስልካቸው አይተው ይነግሯቸዋል።

አቶ ብርሃነ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የውኃ ታንከርና የመስኮት ንድፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰዓት የሚወዱት ለቀፎው ነው፤ ማሽኑን አቅፎ ለያዘው ብረት። ከጡረታ በኋላ ለገሃር አካባቢ ካሉ ነጋዴዎች የለቀሟቸው ሁሉ አሮጌ ናቸው። አንዱ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጥጉ የለዘበ ነው፤ አንዱ ሹፌር መሪውን ሳይለቅ እንዲያየው ወደ ጎን የተንጋደደ፤ የአንዱ መሙያ ደግሞ እንደ ኤሊ አንገት ቀፎው ውስጥ የተሸጎጠ። ስለነዚህ ማውራት ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ካዛንቺስ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው እሳቸው ፊት እጅጌውን አይሰበስብም።

ስለዚህ የእህታቸው ልጅ ኤልዳድ የማዕዛን ቤተሰብ እንዲጠይቁለት ሽምግልና ሊልካቸው ሲል፣ አስቀድሞ አስማላቸው።

«ጋሼ፣ ስለ ሰዓት አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እኔ መቼ ስለ ሰዓት አወራሁ?»

«ባለፈው ለቅሶ ቤት ምን ነበር ታዲያ?»

«የሟቹ ቀፎ ልዩ ነበራ!»

«ማለቴ፣ አባቷ ቀልድ አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር በደቂቃ ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለታላቅ እህቷ የመጡትን ሽማግሌዎች ዘገያችሁ ብለው ከበር መልሰዋል። ማዕዛ ደግሞ እሳቸው እምቢ ካሉ አታገባኝም።»

አቶ ብርሃነ በቅዱስ ቂርቆስ ማሉ።

ቀጠሮው እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ዋናው ተናጋሪ የሰፈሩ የዕድር ዳኛ አቶ ፀሃዬ ናቸው። ከታክሲ እንደወረዱ ስልካቸውን ቤት መርሳታቸው ትዝ አላቸውና «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ብርሃነ የእጃቸውን አንጓ አዩ። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ።» አቶ ፀሃዬም ጊዜ አለን ብለው ተረጋግተው ጫማቸውን አስጠረጉ።

የማዕዛ አባት አቶ ገብረሃና በሩን ከፈቱ። «ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ» አሉ የግድግዳውን ሰዓት ዘወር ብለው አይተው፣ ከሰላምታ በፊት።

አቶ ፀሃዬ ዘወር ብለው የአቶ ብርሃነን አንጓ ተመለከቱ። አቶ ብርሃነ ጣራውን ተመለከቱ።

እንደምንም ገቡ። ተቀመጡ ግን አልተባሉም። አቶ ፀሃዬ ላባቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ «ልጅዎ ለልጃችን፣ ልጃችን ለልጅዎ...» ይህኔ አቶ ገብረሃና እጃቸውን አጣመሩና እጅጌያቸው ከፍ አለ። አቶ ብርሃነ የተሰነጠቀ ድምፅ አወጡ።

ሰዓቷ ከአንድ ወጥ ብረት የተፈለፈለች ነበረች። ቀፎዋ ከወንዝ እንደተለቀመ ጠጠር፣ ጠርዝም መገጣጠሚያም የለው። ጎንና ጎኗ ግን በጭረት ተበልቷል።

አቶ ብርሃነ እስከ አሥር ቆጠሩ። ሰባት ላይ አመለጣቸው።

«ማነው ይቺን ያረዳት?»

አቶ ፀሃዬ የአቶ ብርሃነን ኮት ጎተቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ገብረሃና። «በሽንኩርት ቢላ። ከቆመች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አምስት ሰዓት ሠሪዎች ጀርባዋን መክፈት አቃታቸው፤ እኔም ሞከርኩ።»

«ጀርባ የላትማ!»

«ምን?»

«ክዳን የላትም! ውኃ እንዳይገባባት ታስቦ ነው እንዲህ የተሠራችው። ማሽኑ የገባው በፊቷ በኩል ነው። መሙያዋ ተነቅሎ በቀዳዳው አየር ሲነፋ፣ መስታወቷ ብድግ ይላል። አለቀ!»

አቶ ገብረሃና ሰዓታቸውን ፈትተው ገለበጧት። ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር በሌለበት በኩል ሲያንኳኩ እንደኖሩ ገባቸው።

«በምንድን ነው የሚነፋው?»

«በብስክሌት ፓምፕ።»

አቶ ገብረሃና ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩ። «ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ። «የልጅቷን መልስ በሚመጣው እሁድ እሰጣችኋለሁ። ሦስት ሰዓት። ፓምፑን ይዛችሁ ኑ። ሰዓቷን ካበላሻችሁብኝ ግን፣ መልሱን እዚያው ታውቁታላችሁ።»

ኤልዳድ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

«ስለ ሰዓት አወሩ እንዴ ጋሼ?»

«ሌላ ምንም አልተወራም» አሉ አቶ ፀሃዬ።

ነገሩን ሲነግሩት ኤልዳድ አጎቱን ትኩር ብሎ አያቸው። «እንዲህ ዓይነት ሰዓት ከፍተው ያውቃሉ?»

«አንብቤያለሁ» አሉ አቶ ብርሃነ።

ሰኞ ጠዋት ኤልዳድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መርካቶ ወረደና የብስክሌት ፓምፕ ገዛ።