ወፍጮው ዝም ሲል

ጣልያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ መንግሥት አሰላ አስተማሪ አድርጎ ሲመድበኝ ባልቴት እናቴን ከመንዝ ይዤ መጣሁ። ብርዱንስ ለምደነዋል፤ የከበደን ሰው ማጣቱ ነበር። የተከራየነው ቤት ደግሞ ከወፍጮ ቤት ጎን! ዱቄቱ ልብሴን፣ የሞተሩ ጩኸት ጆሮዬን ሊጨርሰው። ባለቤቱን ገና ሳላውቃቸው ጠልቻቸው ነበር።

እስከ ቅንድባቸው ዱቄት የለበሱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ተራ የሚያጋፋውን ባማርኛም በኦሮምኛም ይሳደባሉ። ግን የእድሩ ጡሩንባ ሲነፋ ሞተሩን ያጠፉና አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መቃብር ሊቆፍሩ ይሄዳሉ። ሀብታም ድሃ፣ የማውቀው የማላውቀው አይሉም። "ስንዴው ነገም ይፈጫል፤ ሬሳ ግን አያድርም" ይላሉ። ስለዚህ ወፍጮው በቀን ዝም ካለ ሰፈሩ ሰው እንደሞተ ያውቃል። ጡሩንባውን ያልሰማ እንኳ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

በሁለተኛው ክረምት እናቴ ታመመች። ምግብ እምቢ አለች። "መንዝ ውሰጂኝ፤ በሰው አገር ማን ያለቅስልኛል?" ሆነ ቃሏ ሁሉ። የክሊኒኩ ድሬሰር ደግሞ "እናትሽ በዚህ ጭቃ በጭነት መኪና ከሄዱ ናዝሬት ሳይደርሱ ያልፋሉ" ብሎኛል። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፤ አልሆነም። ለሐሙስ መኪና ያዝኩላት። እናቴን ልገድላት እንደሆነ እያወቅኩ ያዝኩላት።

ረቡዕ ጠዋት አጥሚት ሳማስል ወፍጮው ድንገት ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ "ወየው እማማ! ወየው እናታችን!" የሚል ለቅሶ ግቢዬን ሞላው። ወጥቼ ባይ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ የነበሩት ሴቶች እህላቸውን ጥለው መጥተዋል፤ ጎረቤቱ፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ሁሉ ደረቱን ይደቃል። የታመመችው እሷ ናት፣ ሌላ ማን ይሞታል ብለው!

"ኧረ አልሞተችም፣ ምን ነካችሁ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ!

ባለ ወፍጮው የተበጠሰ ቺንጋ፣ ያንን ወፍጮውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ በእጃቸው እንደያዙ እየሮጡ ደረሱ። "የሞተሩ ቺንጋ ነው የተበጠሰው! ማንም አልሞተም! ወይ ጉድ!" ብለው ለቀስተኛው ላይ አምባረቁበት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገቡና "ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ በቁምዎ አስለቀስኩብዎ" አሏት።

እናቴ በክንዷ ተደግፋ በተከፈተው በር ሰዉን ታያለች።

"ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?"

"ታዲያ ለማን ሊሆን ኖሯል?" አሉ ቆጣ ብለው።

ወደ እኔ ዞረችና "ልጄ፣ አጥሚቱ አልደረሰም?" አለችኝ።

መኪናውን ተውኩት። እኔ በምክርና በእንባ ያልቻልኩትን አንድ ብጣሽ ቺንጋ ቻለው፤ እኚያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቺንጋው በተበጠሰ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመው አጥራችን ጋ መጥተው "ቺንጋው ነው እማማ!" ይላሉ። እናቴም "እኔ አለሁ፤ እርስዎ ቺንጋዎን ይቀጥሉ" ትላቸዋለች እየሳቀች።

ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት ወፍጮው ዝም አለ። ጡሩንባ አልተነፋም። እናቴ ወጥታ አጥሩ ጋ ቆመች።

"ቺንጋው ነው፤ አሁን መጥተው ይነግሩናል" አለችኝ።

ቆመን ጠበቅናቸው። አልመጡም። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ማንም ሳይነግራት ከሁሉ ቀድማ እያለቀሰች ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች።