ፈረሱ የቆመበት ቤት

ዘይኑ የወሎ ሰው ነበር። አሰብ ወርዶ የስኳርና የአቡጀዴ ሱቅ ከፍቶ ሰባት ዓመት ኖረ። ደንበኛ ቢሰድበው እንኳ ጨርቁን እያጣጠፈ ፈገግ ይላል። እኔ የቴሌግራፍ ጸሐፊው አሥራት ደግሞ ሰው ከረታኝ እራት የማይወርድልኝ ጉደኛ ነኝ።

በ፲፱፻፵፯ ዓ.ም. ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከሱቁ በራፍ ቀዩን የሰንጠረዥ ጨርቅ ዘርግተን ባገራችን ደንብ እንጫወት ነበር። መጀመሪያ ወረራ ነው፤ ተራ ሳንጠብቅ ሁለታችንም እንደፈለግን እናሰልፋለን። አንዱ የሌላውን ወታደር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ነው። እስከዚያ በተጫወትንበት ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ረትቶኝ አያውቅም።

አንድ ቀን ግን ሰልፉ አማረለት፤ ደነገጥኩ። ወታደሩን በላሁና፣ እሱ ስኳር ሊመዝን ዘወር ሲል ፈረሴን አንድ ዝላይ ሰርቄ አስኬድኩት። ሲመለስ ተራውን ተጫወተ። በዚያው ፈረስ ንጉሡን መውጫ አሳጣሁት።

በማግስቱ እኔም ከሱቁ በራፍ ተቀምጬ ሳለሁ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ክንፈ መጥቶ ስለ ጨዋታው ጠየቀ። ዘይኑ ጨርቁን ዘረጋ።

«ላሳይህ፤ እኔም ስሕተቴን ልወቅ» አለው።

ወረራው ያበቃበትን ሰልፍ አንድ በአንድ ደረደረው። የሱቁን ዕቃ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገኝ ሰው ነው፤ አንዱንም አልሳተ። ፈረሴን፣ ዝላዩን ከመስረቄ በፊት በነበረበት የሰንጠረዥ ቤት አቆመው። ከዚያ የተጫወትነውን እያስታወሰ የሁለታችንንም አንቀሳቀሰ። ፈረሴ አንድ ዝላይ ጎደለው፤ እስኪደርስ የተያዘው የኔ ንጉሥ ሆነ።

«ታዲያ የረታኸው አንተ ነሃ» አለ ክንፈ።

ዘይኑ ጨርቁን ትክ ብሎ አየና ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አቶ አሥራት፣ ፈረስዎ የት ነበር የቆመው?»

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ጣቴን ሰርቄ ባደረስኩት ቤት ላይ አሳረፍኩ።

«እዚህ።»

ዓይኔን አየኝ። እኔ አቀረቀርኩ።

«ልክ ነዎት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለና ፈረሱን በገዛ እጁ አዛወረልኝ። አጨዋወቴንም እያደነቀ ለክንፈ ያስረዳው ጀመር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ረትቶኝ ነበር፤ እሷንም ቀማሁት።

ዘይኑ ሻይ ሊያመጣልን ሲገባ ክንፈ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«እኔንም ያስተምሩኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት፤ በዚያው በዋሸሁበት አፌ።