ባለሙያው ያስተካከለው የዙምሮቱን ቤዝ ጊታር

ዙምሮቱን ቀን ቀን ዓሣ በጢስ እያደረቀች ትሸጣለች፤ ሰርግ ወይም መውሊድ ሲኖር ደግሞ ቤዝ ጊታር ትመታለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ደማክ ከተማ አጠገብ ባለችው የባሕር ጠረፍ መንደራቸው ዘጠኝ ሴቶች ሆነው የመንዙማ ባንድ ካቋቋሙ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። የባንዱ መሪ ቡ ኢስቲቃማ («ቡ» እንደ «እትዬ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው) የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ስምንቱም ቀጥ ይላሉ።

ዙምሮቱን ግራኝ ናት። ልጅ ሳለች ማዕድ ላይ እናቷ ግራ እጇን በሻሽ ከወገቧ ጋር ያስሩት ነበር። ስለዚህ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች፣ ዓሣውንም መልሱንም ለገበያተኛ በቀኟ ታቀብላለች። በግራ ማቀበል ከስድብ አይተናነስማ። ቤዙን ግን ቀኟ እምቢ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ታገለችው፤ ጣቶቿ ዜማው ካለፈ በኋላ እየደረሱ አሳፈሯት። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ጊታሩን ገልብጣ ብትይዘው ጣቶቿ መንገዱን ድሮ የሚያውቁት መሰሉ። ወዲያው ክሮቹን ፈታች፤ በተገለበጠው ጊታር ላይ ወፍራሙን ከላይ፣ ቀጭኑን ከታች አድርጋ አሰረቻቸው።

ቡ ኢስቲቃማ ይህን አዩ። በሚቀጥለው ሰርግ ሁለቱን ወፋፍራም ከበሮ መቺዎች አምጥተው ከፊቷ ገተሯቸው። ከዚያ ወዲህ ዙምሮቱን መድረክ ላይ ስትወጣ የምታየው የሁለት ሴቶች ጀርባ ነው። ምን አደረግኩ ብላ አልጠየቀችም። ቤት ገብታ ግን ዓሣውን ስትሰነጥቅ ቢላዋው ከወትሮው ይበልጥ ይጮህ ነበር።

አምና በወረዳው ውድድር ሁለተኛ ወጡ። ዳኞቹ የጻፉባቸው እንከን አንድ ብቻ ነበር፤ ቤዙ ይንጫረራል፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲወጣም ቅኝቱን ይስታል። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ በዛና የጊታሩ አንገት ጭራሽ ጎበጠ።

«እሑድ ውድድሩ ላይ እንዲህ ሆኖ ከመጣ ቤዙን ሲቲ በኪቦርድ ትመታዋለች» አሉ ቡ ኢስቲቃማ። ሲቲ የእህታቸው ልጅ ናት። «አንቺ ከኋላ ሆነሽ ትቀበያለሽ። ድምፅሽ እንደሆነ አይከፋም።»

ዙምሮቱን አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ሲቲ በኪቦርድ ላይ ቤዙን የምትመታው በየትኛው እጇ ነው? በግራዋ። ይህን ሰው ሁሉ እያየ አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጊታሯን ተሸክማ በአውቶቡስ ሰማራንግ ከተማ ወረደች። ፓክ ካርሲዲ («ፓክ» እንደ «ጋሼ» ነው) ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ጊታር ሲጠግኑ የኖሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ከረጢቱን ከፈቱና አንገቱን በአንድ ዓይናቸው እያነጣጠሩ አዩት።

«ማነው የሚመታው? ባለቤትዎ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎሽ። እስቲ እዚያች በርጩማ ላይ ቁጭ ይበሉና ትንሽ ይምቱልኝ። የሰውን እጅ ሳላይ መሥራት አልወድም። አንዱ ይደበድበዋል፣ አንዱ ይዳብሰዋል።»

ግድግዳው ሥር ሦስት ወንዶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሦስቱም ቀና አሉ። ሻሽ ያሰረች የዓሣ ነጋዴ ቤዝ ስትመታ ለማየት እንደቋመጡ ፊታቸው ይናገራል። የዙምሮቱን ግራ እጅ ሳታዘው ሻሿ ሥር ገባ።

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል ፓክ» አለች። «ክሮቹ ከአንገቱ ርቀዋል፣ ይንጫረራል፣ ወደ ላይ ስወጣ ይስታል። ይኸው ነው።»

«እንግዲያው ዓርብ ጠዋት ይምጡ።»

ዓርብ ስትመጣ ፓክ ካርሲዲ ጊታሩን እንደ ጨቅላ በሁለት እጃቸው አቅፈው አወጡት። አንገቱ ቀጥ ብሏል። በላዩ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ተወልውለው ያብረቀርቃሉ። ከአናቱ ሥር፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ቦታ፣ ከበሬ አጥንት የተቀረጸ አዲስ ማረፊያ ገብቶለታል።

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ» አሉ እየሳቁ። «ክሮቹን ማን ነው ያሰረልዎ?»

«ምነው?»

«ተጫውቶብዎታላ። ሁሉንም ገልብጦ ነው ያሰረው፤ ወፍራሙን በቀጭኑ ቦታ፣ ቀጭኑን በወፍራሙ። በዚህ ሲመቱ መኖርዎ ራሱ ተአምር ነው። አይዞዎት፣ በየቦታቸው መልሻቸዋለሁ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ለሠፈሩ ሁሉ ሲያሳይና ሲያስቅበት ነበር» አሉ ሚስታቸው ከባንኮኒው ኋላ።

ዙምሮቱን ጊታሩን ተቀበለችና ገልብጣ ያዘችው። ወፍራሙን ክር ፍለጋ የሄደው አውራ ጣቷ ቀጭኑን አገኘ። የገዛ ቤቷን በር ከፍታ ሰው ቤት የገባች መሰላት። እሑድ ከነገ ወዲያ ነው።

«ይህን ያስተካክሉ ብዬዎታለሁ ፓክ?»

«ስህተት አይቼ ዝም ብዬ ልለፍ?»

«ስህተት አይደለም። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ግራኝ ነኝ።»

ጥግ ላይ ጊታሩን ታቅፎ የተቀመጠ ባለ ቦርጭ የሰርግ ባንድ ጊታር መቺ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንዴ ቡ፣ መንዙማ በግራ እጅ? መልአኩም ግራ ይገባዋል እኮ።»

ሌላ ቀን ቢሆን አንገቷን ትደፋ ነበር። ዛሬ ግን ዞራ ትክ ብላ አየችው።

«አንተ ስትመታ ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ታደርጋለህ?»

«አይ፣ እሱማ...»

«አንገቱ ላይ እየሮጠ ድምፁን የሚመርጠው የትኛው እጅህ ነው?»

ሰውየው ግራ እጁን ቁልቁል አየው። ሚስትየዋ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ቆይ እንጂ ቡ» አሉ ፓክ ካርሲዲ ቆጣ ብለው። «ሰኞ ዕለት በርጩማ ሰጥቼ ይምቱልኝ አላልኩም? አውቶቡስ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

እውነት ነበር። እውነት በመሆኑ ይበልጥ ተናደደች፤ ተቆጥታም ግን አንቱታዋን አልጣለችም።

«አዎ፣ አፈርኩ። ሦስት ወንዶች አፍጥጠውብኝ ግራ እጄን ማውጣት አፈርኩ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ እወስደዋለሁ። ግን እንዲያው አንዲት ሴት ፈልጋ ነው ያሰረችው ብለው ለአፍታም አላሰቡም? ለሠፈሩ ሁሉ ከሚያሳዩት እኔን አይጠይቁም ነበር? እናቴ አሰረችኝ፣ ቡ ኢስቲቃማ ከሰው ጀርባ ደበቁኝ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ከገዛ ጊታሬ አወጡኝ። ሁላችሁም ያስተካከላችሁኝ ይመስላችኋል።»

ፓክ ካርሲዲ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«ማክሰኞ ይምጡና...»

«ውድድሩ እሑድ ነው።»

«ማረፊያው እንደገና መቀረጽ አለበት። ዛሬ ደግሞ ጁምዓ ነው፤ አሁን መዝጋቴ ነው።»

«ይዝጉ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

በርጩማዋን ስባ ተቀመጠችና ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኛችው። ወንዶቹ ጫማቸውን አድርገው ወደ መስጊድ ሄዱ። ሚስትየዋ ቴምፔ የሚባል የአኩሪ አተር ጥብስና ጣፋጭ ሻይ አመጡላት፤ አጠገቧም ተቀመጡ።

«መካከለኛዋን ልጄን እኔም አስሬያታለሁ» አሉ። «በነጠላ ጫማ ማሰሪያ። ያልተማረች እንዳትባል ብዬ ነው።»

«አሁን በየትኛው ትበላለች?»

«በቀኟ።»

«ደስ አለዎት ታዲያ?»

ሴትየዋ ሻዩን ማማሰል ያዙ፤ ስኳሩ ግን ድሮ ሟሙቷል። ዙምሮቱን ልታጽናናቸው አልፈለገችም። ቴምፔዋን በላች።

ፓክ ካርሲዲ ከመስጊድ ሲመለሱ ባለ ቦርጩም አብሯቸው ገባ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ወሬውን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። ክሮቹን በእሷ አቀማመጥ መልሰው ለጊዜው አሰሩና በርጩማዋን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት።

«እስቲ ይምቱ» አሉ። «እንደ ወትሮዎ ይምቱ፤ እኔን ለማስደሰት ብለው እንዳይሆን።»

ግራ እጇን ከሻሿ ሥር አወጣች። ጢስ ያጠቆራቸውን ጣቶቿን ቀስ በቀስ ዜማው ያዛቸው። ማንም አልሳቀም። ቢስቁም የምታቆም አይመስልም ነበር። ፓክ ካርሲዲ ጎንበስ ብለው እጇን ብቻ ተመለከቱ።

«ወፍራሙን ጠንከር አድርገው ነው የሚመቱት» አሉ። «ሰኞ ይህን ባይ ኖሮ...»

ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ሠሩ። አጥንቱን ቆረጡ፣ ሞረዱ፣ ክር አሰሩ፣ ፈቱ። ከታች ክሮቹን የያዙትን ብረቶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ ቅኝቱን ከላይ እስከ ታች ለኩ። ሲጨርሱ ሰጧት። መታችና ጆሮዋን ወደ አንገቱ አዘነበለች።

«ሁለተኛው ክር ይንጫረራል።»

«እሱ በጣም ትንሽ ነው ቡ። በድምፅ ማጉያ አይሰማም።»

«እኔ ሰምቼዋለሁ።»

ተነፈሱና ተቀበሏት። ሞረዱ። መልሰው ሰጧት። ደግማ መታች፤ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ እስከ አንገቱ ጥግ ድረስ። አንድም ድምፅ ያለ ቦታው አልወደቀም። የእሑዱን ዜማ ከዳር እስከ ዳር ወጣችው። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ጨርሳ እስክትነሳ አልሄዱም።

ፓክ ካርሲዲ ከረጢቱን ሲዘጉላት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የበፊቱን ማረፊያ ማን ነበር የቀረጸው?»

«እኔ። በዓሣ ቢላዋ።»

«ለቢላዋ ሥራ መጥፎ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች ዙምሮቱን ጊታሯን ትከሻዋ ላይ እያነገተች። «አውጥተው የጣሉት እርስዎ ነዎት።»

ወጥታም ወደ አውቶቡሱ ሄደች።