ሳይዘጋ የከረመው ትምህርት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የተማሪዎቹ ውጤት ዝቅ በማለቱ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ክረምቱንም እንደማይዘጋ፣ ወላጅ ከተስማማ ፈርሞ እንዲመልስ ይላል። እናቷ ገበያ ወርዳ ስለነበር የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አንዴ አነበብኩት፤ ደገምኩት። እስክሪብቶ አንስቼ ልፈርም ስል መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ መነጽርሽ ነው?» አለችኝ ሰላም።

መነጽሬስ ደህና ነበር።

ሰማንያን ካለፍኩ ቆየሁ። ዛሬ የምኖረው ሸዋ ሮቢት፣ ባጃጅ ከንጋት ጀምሮ በሚንጫጫበት መንገድ ዳር ነው። የተወለድኩት ግን ከዚህ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ የሮቢን ወንዝ ቁልቁል በምታይ አንዲት የቀወት መንደር ውስጥ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔም «ክረምቱን ትምህርት አይዘጋ» ተብሎ ነበር። ይህን ያለው ግን መንግሥት አልነበረም፤ የኔታ ነበሩ።

የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስላቸው ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ነው። እናቴ እኔን የላከችኝ እንድማር ብላ አልነበረም፤ ያኔ ሴት ልጅ ፊደል ስትቆጥር ማየት ብርቅ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌጡ ገና ስድስት ዓመቱ ስለነበር ጅረቱን እንዳሻግረው ነው የላከችኝ። እሱ ሲማር እኔ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን የኔታ ጠሩኝና «ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁት። በይ ከነእሱ ተርታ ተቀመጪ» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ተማሪ ሆንኩ።

የእኛ አገር የትምህርት ጊዜ አጭር ነበር። ዝናቡ ሲጥል ልጅ ሁሉ ለአረም ይፈለጋል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ንዳድ ይገባል፤ ዛሬ ወባ የምንለውን ያኔ ንዳድ ነበር የምንለው። መስከረምና ጥቅምትን፣ ደጋ ዘመድ ያለው ሰው ልጆቹን ይዞ ሽቅብ ይወጣና ወራቱ ሲያልፍ ይመለሳል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ኅዳር ዋርካው ሥር ማንም የለም። ኅዳር ላይ ስንሰበሰብ የተማርነው ግማሹ ከራሳችን ጠፍቶ ይገኛል። የኔታ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራሉ። አራት ዓመት ተመላልሶ ዳዊት ያልደረሰ ጎረምሳ ነበር። «በየዓመቱ የሠራሁት ጎጆ በየዓመቱ ይፈርስብኛል» ይሉ ነበር የኔታ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ሮቢት ገበያ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ከግርጌው ማኅተም ያለበት ነው። የኔታ ያን ሳምንት ለዘመድ ቀብር ማጀቴ የሚባል አገር ሄደው ነበር። ገበያ የወረዱት የመንደራችን ወንዶች ወረቀቱን ያስነበቡት ጋሽ ምንዳን ነው። ጋሽ ምንዳ በልጅነታቸው አንኮበር ከአንድ ጌታ ቤት ያደጉ፣ ፊደል ያውቃሉ የሚባሉ ጎረቤታችን ናቸው። ወረቀቱን ትንሽ አዩና «የጨው ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» አሉ። ሁሉም ተመለሰ።

ወረቀቱ የሚለው ሌላ ነበር። ከየቤቱ አንድ ወንድ እስከ ሰኞ ለመንገድ ሥራ ካምፕ እንዲቀርብ፣ ያልቀረበ እንደ ሽፍታ እንደሚቆጠር ነበር የሚለው። ሰኞ ከእኛ መንደር የሄደ አልነበረም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወታደሮች መጡ። አባቴን ማሳ ሲመነጥር አገኙት፤ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር አስረው ይዘውት ወረዱ። እናቴ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እየጮኸች ተከተለቻቸው። አስተርጓሚው ዞር ብሎ «ተጽፎላችሁ ነበር እኮ። ለምን አላነበባችሁም?» አላት።

ጣርማ በር ድንጋይ ሊፈልጡ ተወሰዱ ተባለ። አባቴ አልተመለሰም። የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኔ ሲገባ የኔታ ወላጆችን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰቡ።

«ዘንድሮ ልጆቹን አትውሰዱብኝ» አሉ። «ክረምቱን ላስተምራቸው። መስከረም ሲገባም ደጋ አይውጡ፣ እዚሁ ይቆዩ። አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ከሰጣችሁኝ ከየቤቱ አንድ የሚያነብ ሰው አወጣለሁ።»

«ንዳዱስ የኔታ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ከወንዙ እናርቃቸዋለን። ጉብታው ላይ ዳስ እንሠራለን፤ ኩበት እናጨሳለን። ሌላ የማውቀው መላ የለም።» ሳል ያዛቸው። «ደግሞ እኔ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። የሚመጣውን ወረቀት ማን ያነብላችኋል?»

ጋሽ ምንዳ ከዳር ቆመው መሬት መሬት ያዩ ነበር።  እናቴ ከል እንደለበሰች ብድግ አለች። «የእኔን ሁለቱንም ይውሰዷቸው» አለች። ሌሎቹም እሷን አይተው ተከተሉ።

ያን ክረምት እንዴት ልርሳው! እስከ ረፋድ ማሽላ ስናርም እንቆይና በጭቃ የተለወሰ እግራችንን ሣር ላይ ጠርገን ዳሱ ውስጥ እንገባለን። ዝናቡ በሣሩ ክዳን እየሾለከ ብራናው ላይ እንዳይንጠባጠብ የኔታ በጋቢያቸው ይከልሉታል። ምሳችን የማሽላ ቂጣ ነው፤ ሲገኝ ንፍሮ። ረሃብ ነበር፣ ፍርሃት ነበር፤ ግን የተማርነው አልጠፋም። ትናንት ያወቅነው ዛሬም ከእኛ ጋር ነበር። ለካ የኔታ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙት ይህን ለማየት ነው። ነሐሴ ሲጋመስ ጌጡ ዳዊት ጀመረ፤ እኔ በጥቂት ቀን ተከተልኩት። እሱ ከእኔ ይፈጥናል። እያነበበ አንድ እግሩን በሌላው ያክ ነበር።

አንድ ቀን የኔታ ከጥምጥማቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ያ የገበያው ወረቀት ነው፤ ከማጀቴ ሲመለሱ ልጠውት ኖሯል። ሳይናገሩ ለጌጡ ሰጡት። ጌጡ ከመጀመሪያው እስከ ማኅተሙ ድረስ አንዴም ሳይደናቀፍ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «እንዲህ ቀላል ነበር?» አለኝ። የኔታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

መስከረም ጠባ። አበባው ፈነዳ፣ ጥንቅሹ ጣፈጠ። ሌላ ዓመት ቢሆን ይህን ጊዜ ደጋ አክስቴ ቤት ነበርን። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ «በረደኝ» አለች። በማግስቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ታመው ተኙ። ከዚያ ጌጡ። ኩበቱ ይጨሳል፣ ዓይናችን እስኪቀላ ይጨሳል፤ ምንም አልከለከለም። ጌጡን እናቴ ተሸክማ ቤት አስገባችው። አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ እንደ ምጣድ ይግላል። ባሰበት ጊዜ ዳዊቱን በቃሉ ይለዋል፤ መስመር እየዘለለ፣ እያደባለቀ።

የኔታ መጡና ደጃፍ ላይ ቆሙ። መግባት የፈሩ ይመስሉ ነበር።

«እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው» አሉ።

እናቴ ጨርቅ እየነከረች የጌጡን ግንባር ታብስ ነበር።

«ጣሊያን ካምፕ ውስጥ ኪኒን አለ ይባላል። ሄጄ ልለምን።»

ይህን ጊዜ ቀና አለች። ያን ጊዜ ጣሊያን ካህን ሲያይ ሰላይ ነው የሚመስለው፤ የያዘውን አይለቅም። ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውም ያውቃሉ። ይቅርብዎ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ይሂዱ» አለች።

ነጭ ጥምጥማቸው ቁልቁል በማሽላው መካከል እየታየ፣ እየተሰወረ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የኔታን ያየ የለም። በማግስቱ አንድ የካምፑ ውኃ ቀጂ፣ በር ላይ ይዘው እንዳስገቧቸው ነገረን። ኪኒን አልመጣም።

ጌጡ በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሞተ። በዚያ ወር ከዳሱ ልጆች አምስት ቀበርን። እናቴ ስትቀብረው አላለቀሰችም። ከቀብር መልስ እኔንም አላየችኝም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሦስት ባንዳዎች መጥተው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ሰው ተሰበሰበ። የኔታ የሉም። ዓይን ሁሉ ጋሽ ምንዳ ላይ ሲያርፍ እሳቸው ወደኋላ አሉ። እኔ በሰው መካከል ተሽሎክልኬ ቀረብኩና ማንበብ ጀመርኩ።  ይህ መንደር ሽፍታ ያበላል፤ እስከ ሐሙስ ማታ ሰው ሁሉ ለቆ ካምፑ አጠገብ ይስፈር፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ሰውም ሆነ ቤት ይቃጠላል ይላል።

ማክሰኞ ነበር።

«ማሽላው እኮ ደርሷል» አለ አንዱ። «የደረሰ እህል ጥለን የት ነው የምንሄደው?»

«ይቺ ሕፃን ምኑን ታውቀዋለች? ተሳስታ ቢሆንስ?» አለ ሌላው።

እናቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ከጎኔ ቆመች። ከጌጡ ቀብር በኋላ አጠገቤ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር።

«አልተሳሳተችም» አለች። «ልጄን የቀበርኩበት ንባብ ነው። ታነባለች።»

አሁንም ሰው ያመነታ ነበር። ጋሽ ምንዳ ቀስ ብለው መጡ፤ ወረቀቱን ሳይሆን እናቴን አዩ። «ልጅቱን ስሟት። እኔ ማንበብ አላውቅም» አሉ። «ያን ጊዜም አላውቅም ነበር። አፍሬ ነው የዋሸኋችሁ።»

እናቴ ትጮኻለች፣ ትማታለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

ረቡዕ ንጋት ላይ መንደሩ ተነሣ። ካምፑ አጠገብ መስፈርን የመረጠ ጥቂት ነው፤ የበዛው ሰው በገደሉ መንገድ ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣ። ያልታጨደው ማሽላ ራሱን ዘንበል እንዳደረገ ቀረ። ጋሽ ምንዳ ግን አልወጡም። ሚስታቸውን ንዳድ ጥሏት ነበር፤ ተሸክመው መውጣት አቃታቸው፣ ትተዋትም መሄድ እንቢ አሉ። ዓርብ ረፋድ ከተራራው አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ ጭሱ ተነሣ። መጀመሪያ ከአንድ ቦታ፣ ከዚያ ከሁሉም። ማሽላው ሲቃጠል የሚሸት እሸት ሲጠበስ ነው፤ ነፋሱ ያን ሽታ ያመጣልን ነበር። በዚያ ሰዓት መራቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወረድን። እናቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ሮቢት መጥተን ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ለሰው ሁሉ ደብዳቤ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ከካራቆሬም ከማጀቴም ሰው ይመጣብኝ ነበር። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ አንዲት ነገር አስነብባኝ አታውቅም። ከዘመድ ደብዳቤ ሲመጣላት፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ፣ ነጠላዋን ታጣፋና ልታስነብብ ጎረቤት ይዛው ትሄዳለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። መልሷን የምችለው አይመስለኝም ነበር።

የኔታ ተሳስተው ነበር? ስንት ጊዜ አሰብኩት። ያን ክረምት ባይጨምሩልን ኖሮ መንደሯ ውስጥ ከነበረው ሰው የሚተርፍ አይኖርም ነበር። ቢተዉልን ኖሮ ደግሞ ጌጡ ደጋ ወጥቶ፣ የተማረውን ረስቶ፣ ኅዳር ላይ በሕይወት ይመለስ ነበር። ሁለቱን በአንድ ልብ መያዝ ከብዶኝ ኖሬያለሁ፤ አሁንም አልቀለለኝም።

የሰላምን ወረቀት በመጨረሻ ፈረምኩት። ከፊርማዬ ሥር፣ ልጆቹ በሚማሩበት አካባቢ ያቆረ ውኃ ይኑር አይኑር፣ ስለ ወባውም ምን እንደታሰበ እንዲያስታውቁኝ ጻፍኩ። «እማማ፣ እዚህ ላይ ፊርማ ብቻ ነው የሚጻፈው» ብላ ሳቀችብኝ። ይሁን አልኳት።

የኔታን የሚያስታውሱ አንዳንድ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የጌጡን ስም የሚጠራ ግን ከእኔ በቀር በዚህ ምድር ላይ የቀረ የለም፤ ፎቶግራፍ የለውም፣ መቃብሩም ከቅጥሩ ጋር ፈርሷል። እኔ ስሞት አብሮኝ እንዳይጠፋ ነው ይህን የጻፍኩት። ወንድሜ ጌጡ በሰባት ዓመቱ ማንበብ ይችል ነበር።