ግማሹ የተቆረጠው ንግግሬ

ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ነው። ያኔ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ስለ እናቶች ሕክምና ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሊመጡ ነው ሲባል ኃላፊያችን ግቢውን አስጠረገ፤ እኛም ያለወትሯችን ጋወናችንን ተኩሰን ጠበቅን።

የመጡት ሁለት ናቸው፤ ካሜራ የተሸከመ ወጣትና አንዲት ጋዜጠኛ። ልጅቷ በእድሜ ታንሰኛለች፤ ሥርዓት ያላት ናት።

«ሲስተር፣ ካሜራውን ይርሱት፤ ከእኔ ጋር ብቻ ያውሩ» አለችኝ።

እኔም ረሳሁት። ቧንቧው ሲደርቅ የወላድ ቤተሰብ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እንደምናዋልድ ነገርኳት። በመሀል «አንዳንዴ እናቶችን እንመልሳለን» አልኩ። ቀጥዬም «ዝም ብለን ግን አይደለም፤ ደም የሚያስፈልጋት እናት ከሆነች እኛ ጋ ስለሌለ አምቡላንስ ጠርተን፣ እኔው አብሬያት ሄጄ ሆስፒታል አስረክቤያት ነው የምመለሰው» አልኳት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

ፊልሙ የተላለፈ ምሽት ቤታችን ሞልቶ ነበር። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጎረቤቶቹን የጠራው እሱ ነው። አማቴም ከገጠር ለገበያ መጥተው እኛው ጋ ነበሩ። የደረቀው ቧንቧ ታየ፣ ጀሪካኑ ታየ፣ ከዚያ እኔ መጣሁ። «አንዳንዴ እናቶችን እንመልሳለን» አልኩ። አለቀ። ወዲያው ባዶ አልጋ መጣ፤ ከበስተኋላው ዋሽንት ያለቅሳል።

አማቴ ዞር ብለው ልጃቸውን በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱም ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ውሃ እንደሌለ ለማየት ቴሌቪዥን መግዛት ነበረባችሁ ወይ ነው የምትለው።»

ጎረቤቶቹ እየሳቁ ወጡ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ባለቤቴ ደግሞ ያን ጊዜ ማለት የሌለበትን አለ።

«ፊልሙ ግን እውነት ነው።»

«የቱ ነው እውነቱ?»

«ቧንቧው ደርቋል አልደረቀም?»

«ደርቋል።»

«እና?»

«እናማ እኔ እናት አላባርርም! ቆርጠውብኝ ነው!»

«የጋዜጠኛ ሥራው መቁረጥ ነው» አለ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ራታችን ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር። ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠ ነጋዴ «እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ማስለቀስ ብቻ ነው» ይላል። ባለባጃጁ «ዝም ቢሉስ ይሻል ነበር? እኔ ሚስቴ እዚያ ስትወልድ ውሃ ሳመላልስ ነው የዋልኩት» ይለዋል።

«እሺ፣ ያቺ እናቶችን እንመልሳለን ያለችውስ?»

ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና «እሷማ ከኋላህ ተቀምጣለች» አለው።

ነጋዴው ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሒሳቧን እኔ ካልከፈልኩ ብሎ ሞተ። ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ።

ጤና ጣቢያው ስደርስ ስብሰባ ተጠርቷል። ኃላፊያችን ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ውሸት ነው የሚል መግለጫ አዘጋጅቶ እንድንፈርም ጠየቀን። አነበብኩት። የውሃ ችግር የለብንም ይላል።

«እኔ ይህን አልፈርምም» አልኩ።

«አንቺን እኮ ነው ያዋረዱሽ!»

«አዎ፤ የእኔን ጉዳይ ጋዜጠኛዋን እኔው እጠይቃታለሁ። ውሃ አለ ብዬ ግን አልፈርምም።»

ከእኔ በኋላ ሌሎቹም እስክሪብቶውን እየተቀባበሉ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መግለጫው እዚያው ቀረ፤ ኃላፊያችንም ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ።

እኔ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጥግ ሄጄ ለጋዜጠኛዋ ደወልኩ።

«ሲስተር፣ ሰዓት ስላጠረን ነው» አለችኝ።

«የቆረጥሽው እኮ ከዋሽንቱ ያጥራል!»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ «መጥቼ ላናግርዎት» አለች።

እውነትም መጣች። እንጅባራ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ባለቤቴ ልጅቷ ላይ እንዳልጮህ ሊከላከልላት አብሮኝ መጥቷል። ስልኳን አውጥታ ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈተችልን። ከነአምቡላንሱ፣ ከነሆስፒታሉ፣ እንዳለ ንግግሬ ተሰማ።

ባለቤቴ ሻዩን አስቀመጠ።

«ይህን ቆርጠሽ ነው ዋሽንት ያስገባሽበት?» አላት። «ይህ እኮ ዘገባ አይደለም! አንድን ሰው ባላለው ነገር መክሰስ ነው!»

በቃ፣ ማን ያስቆመው! ስለ ሚዛናዊነት ያስተምራት ጀመር። በዙሪያችን የተቀመጡት ሁሉ ዞረው ያዩናል። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ሳይ የእኔ ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

«ተዋት እንግዲህ» አልኩት። «እሷ ባትመጣ ኖሮ ቧንቧችን መድረቁን ማን ያይልን ነበር?»

«አንቺ ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ ግራ ገብቶት። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ጋዜጠኛዋ ግን ራሷን አረጋግታ «ስለ ንግግርዎ ልክ ነዎት፣ በድዬዎታለሁ፤ ሙሉውን አስተላልፋለሁ» አለችኝ። «ስለ ቀረው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ቃሏን ጠብቃ ንግግሬን ሙሉውን፣ ከነይቅርታው አስተላለፈችው። ያን ምሽት እኛ ሰፈር መብራት ጠፋ። አንድም ጎረቤት አላየውም። ጫግኒ ያለ የባለቤቴ ዘመድ ነው በስልኩ ቀርጾ የላከልን፤ ባለቤቴም መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ያሳይ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ከማዋለጃ ክፍላችን ጀርባ ትልቅ የውሃ ሮቶ ተተከለ። ኃላፊያችን አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ እኔንም ጎትቶ አስገባኝ።

ጋዜጠኛዋ አሁንም ስለ ሕክምና ስትሠራ ትደውልልኝና የቀረጸችውን ታሰማኛለች። «ሲስተር፣ የዚህን ሰውዬ ንግግር እዚህ ላይ ብቆርጠው ትርጉሙ ይለወጣል?» ትለኛለች። አንዳንዴ ይለወጣል፣ ተይው እላታለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እስከ መጨረሻው አዳምጬ «ኧረ ይህስ በዝቷል፤ ቁረጪው» እላታለሁ።