ዒላማው ላይ የተገኘው እርሳስ

ፋይና ልቮቭና በቮልጋ ዳር ባለችው የተመራማሪዎች ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዒላማ ሠርታለች። ዒላማዋ ለጥይት አልነበረም፤ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ የዩራኒየም ሽፋን ነው። ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ የአርጎን አተም አስኳሎችን አምዘግዝጎ እዚያ ላይ ያላትማቸዋል፤ ተመራማሪዎቹም ሁለቱ አስኳሎች ተዋሕደው ማንም ያላየው ንጥረ ነገር እንዲወለድ ይጠብቃሉ። በጥንቃቄዋ የሚቀልዱባት ብዙ ነበሩ፤ «ፋይና ትንፋሿንም አጥባ ነው የምትገባው» ይሏታል።

በፈረንጆች 1974 መጸው ላይ አለቃዋ ኢግናቲ ሳቬልዬቪች ቸኮሉ።

«ባለፈው እርሳስ ያቀለጥሽበት ማቅለጫ አለ አይደል? ዩራኒየሙንም በዚያው ሥሪው።»

«እሱማ እርሳስ ነክቶታል።»

«እጠቢው እንግዲያ! አዲሱን ስንጠብቅ በረዶ ሊዘንብብን ነው።»

ሁለቴ በአሲድ አጠበችው። ልቧ ግን አላመነውም ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መለኪያው ከአዲስ ንጥረ ነገር ሲጠበቅ የኖረውን ዓይነት ሰባት ምልክት ያዘ። ኮሪደሩ በሳቅ ደመቀ፤ አለቃው ሪፖርታቸውን ይዘው ወደ ሞስኮ ለመሄድ ተሰናዱ። ያልሳቀው የመለኪያው ኃላፊ ሮድዮን ብቻ ነበር። ምሳ ላይ የጎመን ሾርባውን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ፋይናዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ዒላማ ንጹሕ ነበር?»

«ምነው?»

«አስኳሎች ሲጋጩ ሁሌ አይዋሐዱም። ጎን ለጎን ተነካክተው ካለፉ ፕሮቶንና ኒውትሮን ይቀባበሉና ሁለቱም ሌላ ሆነው ይለያያሉ። አርጎኑ እርሳስ አግኝቶ ሁለት ፕሮቶን ቢያቀብለው፣ እርሳሱ ፖሎኒየም ይሆናል። አንዳንዱ ፖሎኒየም ደግሞ ምልክቱ ቁርጥ የኛን ነው።»

ዳቦዋን ገፋ አድርጋ ስለ ማቅለጫው ነገረችው። ሮድዮን «እንግዲያው እርሳስ ብቻውን እንሞክር» ብሎ ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ዓርብ ጠዋት ለአንድ ሰዓት የሚሆን ትርፍ የማፋጠኛ ጨረር ተገኘ። ፋይና የእርሳስ ብቻ ዒላማ ሠርታ ሰጠችው። ጨረሩ ተለቀቀ። በአሥር ደቂቃ የመጀመሪያው ምልክት መጣ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ምልክቶቹ አርባ ደርሰዋል፤ ጉልበታቸውም ከሰባቶቹ ጋር አንድ ነው።

«ጉድ ፈላ!» አለ ሮድዮን።

ወደ አለቃው ቢሮ ወጣች። ካፖርታቸውን እየቆለፉ አገኘቻቸውና የእርሳሱን ውጤት ነገረቻቸው።

«እርሳስ? ቢበዛ ከሺህ አንድ እጅ ቢሆን ነው!»

«ለሰባት ምልክት ይበቃል፣ ኢግናቲ ሳቬልዬቪች።»

ይጮሁብኛል ብላ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ያን ጊዜ ነው የፈራችው።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ሮድዮን።»

«የዒላማው መዝገብ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው አስቢበት። ልጅሽ ዘንድሮ አይደል ዩኒቨርሲቲ የምትገባው?»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ማክሰኞ ዳቦ ለመግዛት ተሰልፋ ሳለ የሱቁ ሬዲዮ አዲስ ንጥረ ነገር መገኘቱን አበሰረ። ጎረቤቷ አቅፋ ሳመቻት። «ኩሪ እንጂ! የናንተ ቤተ ሙከራ ሥራ አይደለም እንዴ?» ፋይና ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ አላት።

ሥራ ስትደርስ የሮድዮን ጠረጴዛ ባዶ ነበር፤ ከኡራል ተራሮች ማዶ ተዛውሯል አሏት። የእሷ ክፍል ቁልፍም ተቀይሯል። በሩ አጠገብ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«የእርሳስ ሙከራ አልተደረገም ይላል» አለና ወረቀት ዘረጋላት፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ሁለቴ አነበበችው። ሳትፈርም መለሰችለት።

«በገዛ እጄ የሠራሁትን አልሠራሁም አልልም።»

ሰውየው አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንደ ፈቃድዎ» ብሏት ሄደ።

ከዚያ እስከ ጡረታዋ የቤተ ሙከራው ጠርሙስ አጣቢ ሆነች። በሁለተኛው ዓመት ሌሎች አገሮች ንጥረ ነገሩን ፈልገው አጡት፤ ወሬውም ቀስ በቀስ ጠፋ። እሷን የጠየቃት የለም። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ቀርታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። አንድ ቀን ጫማዋን እያወለቀች፣

«እማዬ፣ ለዚያች ቅንጣት እርሳስ ብለሽ ነው?» አለቻት።

ፋይና ሳህን አንሥታ ሁለቴ አጠበችና እራት አቀረበችላት።